ለጥቂት ወራት የሚያድሩበት ቤት

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻዎች ይወርዳል። ሰሊጡ በውጭ ገበያ ተሸጦ ለአገራችን ምንዛሪ የሚያስገኝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ፍሬ የሚሰበስበው ሰው ሌሊቱን የት እንደሚያድር የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን።

የብዙዎቹ ማደሪያ በእንጨት ላይ ሣር ወይም ላስቲክ የተጣለበት፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ነው። በአንዱ ዳስ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ወጥቶ በሜዳ ወይም በግራር ሥር የሚያድረው ብዙ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ባልተቆፈረበት ስፍራ ሜዳው ይበከላል፤ ዝናቡም እድፉን ጠርጎ ለመጠጥ ወደሚቀዳው ኩሬና ወንዝ ያወርደዋል። ከዚህም ተቅማጥና ኮሌራ ይነሣል። ተጠጋግቶ ከመተኛትና ልብስ ካለማጠብ የተነሣ ቅማል ይራባል፤ ቅማልም ተስቦንና አገርሺ ትኩሳትን ያስተላልፋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ካላዛር ነው። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ያነሰች፣ ስትበርም ድምፅ የማታሰማ ናት። ቀን በጥቁሩ የዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥና በግራር አካባቢ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ሲመሽ ወጥታ ትናከሳለች። እንግዲህ በሜዳ የተኛ ሠራተኛ መኝታውን በዝንቧ ደጃፍ አነጠፈ ማለት ነው። ካላዛር ካልታከመ ከሚይዛቸው ሰዎች የሚተርፉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

አንዳንድ ባለ እርሻዎች «ሠራተኛው የሚቆየው ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ቤት መሥራት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገር ግን ካላዛር ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተሰውሮ የሚቆይ በሽታ ነውና፣ ሠራተኛው የሚታመመው ደመወዙን ይዞ ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ባለ እርሻው ጉዳቱን አያይም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የሆነው ይህን ያስረዳል። በሽታው ከዚያ በፊት ባልታወቀበት በዚያ አገር ወረርሽኝ ተነሣ፤ በመጀመሪያም መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። በምርመራ ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀሩ ሊቃውንት ገመቱ፤ ወደ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናትም ታመሙ።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል። የሚያስፈልገውም ከዐቅም በላይ አይደለም፤ ይኸውም ከግራርና ከተሰነጠቀ መሬት የራቀ ማደሪያ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ ከውሃ መቅጃው የራቀ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የፈላ ወይም በመድኃኒት የታከመ ውሃ፣ ለልብስ ማጠቢያም ሳሙና ነው።

መምህራን ሆይ፣ ከተማሪዎቻችሁ መካከል በክረምቱ ዕረፍት ለአረም የሚወርዱ፣ ወይም አባታቸውና ወንድማቸው የሚወርዱባቸው ይኖራሉ። ከመውረዳቸው በፊት ይህን አስተምሯቸው። ከተመለሱም በኋላ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ሰውነቱ የከሳ፣ በግራ ጎኑ ጣፊያው ያበጠ ሰው ብታዩ የወባ መድኃኒት ወስዷል ብላችሁ አትለፉት፤ ሆስፒታል ሄዶ ስለ ካላዛር እንዲመረመር፣ ቆላ ወርዶ እንደ ነበረም ለሐኪሙ እንዲናገር ምከሩት። የካላዛር መድኃኒት አለ፤ የሚያድነው ግን በጊዜ የደረሰለትን ሰው ነው።