ቅጠላቸው ብርማ የሆነ የጌጥ ተክሎች አያያዝ በናይሮቢ

ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ አየሯም ለአትክልት የተስማማ ከተማ ናት። ሆኖም ላቬንደርንና አሪቲን የመሰሉ፣ ቅጠላቸው እንደ ብር የሚያበራ ተክሎች በዝናም ወራት ሲጠወልጉ ይታያሉ። ምክንያቱ የውሃ ማነስ ሳይሆን የውሃ መብዛት ነው።

ብርማው መልክ የሚመጣው ቅጠሉን ከሸፈነው ደቃቅ ጠጉር ነው። ይኸውም ጠጉር የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ የቅጠሉን እርጥበት ይቆጥባል። በስምጥ ሸለቆ በብዛት የሚበቅለው፣ ማሳዮች ሌሌሽዋ የሚሉት ቁጥቋጦ ለዚህ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለው ተክል ለደረቅ ስፍራ የተሰናዳ ስለሆነ፣ ሥሩ በውሃ ውስጥ መቆየትን አይችልም።

በከተማይቱ ምሥራቅና ደቡብ የሚገኘው ዋልካ አፈር ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚጥለው ዝናም ውሃ ያቁራል። ስለዚህ አትክልተኛው ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ፣ ጠጠር በበዛበት አፈር፣ ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ማበጀት ይገባዋል። ፍግ ሲበዛ ተክሉ ይለመልማል፤ ብርማ መልኩን ግን ያጣል። ላቬንደር አበባው ካለፈ በኋላ ለጋው ጫፍ ብቻ ይከርከም፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም።

ከሁሉ በላይ፣ ሥሩ የበሰበሰ ተክል የተጠማ እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። የጠወለገውን ከማጠጣት አስቀድሞ አፈሩን በጣት ቆፍሮ መመርመር ይገባል። እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ውሃ መጨመር ተክሉን መግደል ነው፤ ይልቁንስ ከጤናማው ቅርንጫፍ ቆርጦ በከፍተኛው መደብ እንደገና መትከል ይሻላል።