ልጅቷን ለብቻዋ ማን ይጠይቃት?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ከግቢ የምትወጣው ለገበያ፣ ለወፍጮ፣ አንዳንዴም ለቤተ ክርስቲያን ነው። ትምህርት ቤት ካልገባች ስሟን የሚጠራ መምህር የላትም። ሕመም ሲጠናባት ግን ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ፊት ለፊት አይቷት «ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት ምናልባት እዚያ ብቻ ነው። ይህን ዕድል እያባከንነው ነው።

አመጣጧ የታወቀ ነው። ወላጅ የሞተባት፣ ቤተሰቧ ስለተቸገረ ትምህርት ያቋረጠች፣ ያለዕድሜዋ ልትዳር ስትል ከጎጃም ወይም ከወሎ ገጠር የጠፋች፣ በጦርነት የተፈናቀለች ልጅ መናኸሪያ ላይ ደላላ እጅ ትገባለች። ሌላዋን ደግሞ «እያስተማርኩ አሳድጋታለሁ» ያለ የሩቅ ዘመድ ከእናቷ ይረከባታል። ከጋሞ ደጋ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚመጡ ወንዶች ልጆችም በዚሁ የትምህርት ተስፋ ከቤት ወጥተው ቀኑን ሙሉ ሸማ ሲሠሩ ይውላሉ። በ2007 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉ የአገሪቱ ልጆች 42.7 በመቶው በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲታይ ትቶታል። ብዙዎቹ ሴት ልጆች ያሉትም እዚያው ክፍተት ውስጥ ነው።

ወደ ምርመራ ክፍሉ እንመለስ። ሕመሙ ከጀመረ ብዙ ቀን አልፎት መምጣት፣ የሚነገረው ታሪክ ከቁስሉ ጋር አለመግጠም፣ ከአዲሱ ቃጠሎ አጠገብ የቆየ ጠባሳ መታየት፣ ልጅቷ የተጠየቀችውን አብሯት የመጣው ሰው መመለስ፣ ዕድሜዋን ስትጠየቅ ቀና ብላ አሠሪዋን ማየት፣ የምትኖርበትን ሰፈር አለማወቅ፦ ማናቸውም ለብቻቸው ማስረጃ አይሆኑም። ሲደራረቡ ግን ባለሙያው ሊያልፋቸው አይገባም። ሸማኔው ልጅም ስለ ወገቡና ስለ ዓይኑ ሲያማርር ማስታገሻ ከመጻፍ በፊት «የት ትውላለህ? ማን ጋር ታድራለህ?» መባል አለበት።

አሠሪዋ ፊት መጠየቅ ግን ልጅቷን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ማታ የምትገባው እዚያው ቤት ነውና። ነርሷ «ክብደቷን ልመዝን» ብላ ወደ ሌላ ክፍል ልትወስዳት ትችላለች። ቋንቋዋ ሌላ ከሆነ አስተርጓሚው አብሯት የመጣው ሰው ሳይሆን የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላትናገር ትችላለች። ቁስሉ የሚታሸግበት ቀጠሮ ግን አለ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አፏን የምትፈታ ልጅ ትኖራለች።

ባለሙያውን የሚያስፈሩት ነገሮች እውነተኛ ናቸው፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ፍርድ ቤት መመላለስ አለ፣ «በሰው ቤት ምን አገባህ» የሚልም አይጠፋም። ዕድሜዋን ማረጋገጥም ቀላል አይደለም፤ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው የተቋቋመው ማዕከል ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ስፍራ ማገናኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እዚያ የምትደርሰው ጥቃቱ የታወቀላት ልጅ ናት። ያልታወቀላትን ፈልጎ የሚያገኝ ያስፈልጋል።

ይህ እንደሚቻል ታይቷል። «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉ ልጃገረዶችን ለማግኘት ሴት አስተባባሪዎችን በየሰፈሩ ቤት ለቤት አሰማርቶ ነበር። አሠሪዎችን አግባብተው ልጆቹን ለጥቂት ሰዓት ከሥራ አስለቅቀው ያስተምሩ፣ ሕክምና እንዲያገኙም ይረዱ ነበር። ዛሬ ያንኑ በር የሚያንኳኩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። ቤተሰቡን ሲመዘግቡ ማድ ቤት ያለችውን ልጅ አስጠርተው እርሷንም ይመዝግቡ፤ ሲመለሱም ስሟን ጠርተው ይጠይቋት። የጤና ቢሮዎች ይህን የሥራቸው ክፍል ያድርጉላቸው። እናንተም የቤት እመቤቶች፣ ባለሙያዋ ስትመጣ ልጅቷን ከጓዳ ጠርታችሁ ለብቻዋ እንድታነጋግራት ፍቀዱ።