ዘ ላየንስ ሶንግ፦ የቪየና ከያንያን በተጫዋች እጅ

«ዘ ላየንስ ሶንግ» በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በቪየና ሲኖሩ በሚታዩ ልቦለዳዊ ወጣት የጥበብና የዕውቀት ሰዎች ላይ የሚያተኩር የቪዲዮ ጌም ሲሆን፣ መቀመጫውን በዚያችው ከተማ ያደረገው ሚፑሚ ጌምስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2017 በአራት ክፍል ከፋፍሎ ለተጫዋቾች አቅርቦታል። ጨዋታው የሚመደበው ምርጫ ተኮር ትረካ በሚባለው ዘውግ ውስጥ ነው፤ በዚህ ዘውግ ተጫዋቹ በጣቶቹ ቅልጥፍና ጠላት የሚጥል ወይም ነጥብ የሚሰበስብ ሳይሆን፣ ገጸ ባሕርያቱ ምን እንደሚናገሩ፣ ምን እንደሚመለከቱና ምን ችላ ብለው እንደሚያልፉ እየወሰነ የታሪኩን አካሄድ የሚያቀና ነው። አብዛኞቹ የዘውጉ ሥራዎች ምርጫን ከሞት ሽረት ጋር ያያይዙታል፤ ማን ይትረፍ፣ ማን ይከዳ የሚለው ጥያቄ ይበዛባቸዋል። «ዘ ላየንስ ሶንግ» ግን ውሳኔውን ወደ አንዲት ጠባብ ክፍልና ወደ አንድ ባዶ ወረቀት ያወርደዋል፤ ተጫዋቹን የሚጠይቀውም በሥራ ላይ ያለ ሰው ልቡን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ነው።

የጨዋታው መነሻ የጌም ሠሪው ስቴፋን ስርብ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሉደም ዴር ያዘጋጀው አጭር ሥራ ነበር፤ ሉደም ዴር ተሳታፊዎች በዕለቱ በሚነገር ርእስ ላይ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሙሉ ጨዋታ ሠርተው የሚያቀርቡበት ዝግጅት ነው። ይህ የጥድፊያ አጀማመር የኋለኛውን ሥራ መልክም ሳይወስነው አልቀረም፤ ምስሎቹ የተገነቡት በፒክስል፣ ማለትም ዐይን ለይቶ በሚያያቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ሲሆን፣ ቀለማቸውም እንደ ድሮ ፎቶግራፍ ከቡናማና ከገረጣ ቢጫ አይወጣም። ቁጠባው ግን ጨዋታውን ጠቅሞታል፤ ዐይን የሚጠመድበት ነገር ሲያንስ ጆሮ ይነቃልና።

የጆሮው ነገር ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ቪልማ የተባለች ወጣት የቫዮሊን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ፣ ቀኑ ለተቆረጠ ኮንሰርት የሚሆን ድርሰት አልወጣ ብሏት በተጨነቀችበት ወቅት፣ መምህሯ ከከተማው ግርግር አርቆ በአልፕስ ተራሮች ውስጥ ወዳለች ጎጆ ይልካታል። ተጫዋቹ በጎጆዋ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ላይ ላዩን ሲታይ ኢምንት ነው፤ ዕቃዎቹን እየነካ፣ ወደ መስኮቱ እየቀረበ፣ ወደ ጠረጴዛው እየተመለሰ ይቆያል። ይሁንና ውጭ የሚያፏጨው ነፋስና የሚወርደው ዝናብ በአንዱ ቅጽበት ዜማ ሆነው ወረቀቱ ላይ ሲሰፍሩ፣ በሌላው ቅጽበት ያው ድምፅ የተያዘውን ሐሳብ በታትኖ ያልፋል። ስልኩ ጮኾ ከማታውቀው ሰው ጋር ስታወራም፣ ጭውውቱ ሥራ ማስፈታቱ ነው ወይስ ሥራውን ማቃናቱ የሚለው ወዲያው አይለይም። በፈጠራ ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህ ግራ መጋባት፣ ለማንበብና ለማየት ከተዘጋጁ ጥበቦች ይልቅ በጨዋታ ውስጥ የበለጠ ይሰማል፤ ምክንያቱም ልቡን የበተነው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

በሁለተኛው ክፍል የሚቀርበው ሠዓሊው ፍራንዝ ማርከርት፣ ሥዕላቸውን ሊሥል ፊቱ በሚያስቀምጣቸው ሰዎች ላይ የተደራረቡ የማንነት ገጽታዎችን የማየት ችሎታ አለው፤ የራሱን ግን ማየት አይችልም። ተጫዋቹ የሚያቀርበው ጥያቄ የትኛው ገጽታ ተገልጦ ሸራው ላይ እንደሚቀር ይወስናል። ጉስታቭ ክሊምትና ዚግሙንድ ፍሮይድም በታሪኩ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ መግባታቸው ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ክሊምትና ጓደኞቹ ከነባሩ የሠዓልያን ማኅበር ተለይተው ሴሴሽን የተባለውን ቡድን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ ፍሮይድም በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ ሕሙማኑን እያነጋገረ የሥነ ልቡና ትንተና ዘዴውን ሲያዳብር ነበር።

ሦስተኛዋ ባለታሪክ ኤማ ከያኒ ሳትሆን የሒሳብ ሊቅ ናት፤ ለሴት በሩን በዘጋ የሒሳብ ሊቃውንት ክበብ ውስጥ ለመግባት ወንድ መስላ ትቀርባለች። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን ወደ ፍልስፍና ፋኩልቲው በመደበኛነት መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 እንደ መሆኑ፣ ኤማን የሚገታት የሕግ አንቀጽ ሳይሆን ክበቡ የሚሰበሰብበት በሲጋራ ጢስ የታፈነው ክፍል የራሱ ልማድ መሆኑ ታሪካዊ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። የምርጫዎቹ ክብደትም እዚህ ይጨምራል፤ አንድ የተዛባ መልስ የተሸሸገውን ሊያጋልጥ ይችላልና።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ የጨዋታው ቪየና የሳሎኖችና የቡና ቤቶች ቪየና ናት። በዚያው ዘመን በሠራተኛው ሰፈር መኖሪያ ቤት ከመወደዱ የተነሣ በሌላ ሰው ቤት አልጋ ብቻ ለሰዓታት እየተከራዩ የሚያድሩ ብዙ ድኾች ነበሩ፤ የጨዋታው ከያንያን ችግር ግን ከዳቦና ከኪራይ ይልቅ በራስ አለመተማመን ነው። የተቸገረ ጥበበኛን ለማሳየት የተነሣ ሥራ፣ ችግሩን በሙሉ ወደ ኅሊና ማስገባቱ የሚያስተዛዝብ ነው።

አራተኛው ክፍል የሚካሄደው ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በሚወስድ ባቡር ውስጥ ሲሆን፣ ተሳፋሪዎቹ እያንዳንዳቸው ከቀደሙት ባለታሪኮች ጋር በሆነ መንገድ የተሳሰሩ ናቸው። ተጫዋቹ ቀደም ሲል የወሰናቸው ጥቃቅን ነገሮች በእነዚህ ሰዎች ወሬ ውስጥ ይመለሳሉ። በየክፍሉ ማብቂያ ላይም ሌሎች ተጫዋቾች በምን ያህል በመቶ ተመሳሳይ ምርጫ እንዳደረጉ የሚያሳይ ገጽ ይቀርባል፤ ተጫዋቹ ከፈለገ ወደ ኋላ ተመልሶ ምርጫውን በመቀየር ያመለጠውን ትስስር መፈለግ ይችላል። ከትስስሮቹ አንዳንዶቹ በግድ የተቋጠሩ ይመስላሉ፤ የቪልማን ጎጆ በጥድፊያ አቋርጦ ያለፈ ተጫዋች ግን በባቡሩ ውስጥ ከሚወራው ብዙውን ሳያስተውል መውረዱ አይቀርም።