የጤና ሠራተኛና የቅርብ አለቃው፤ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ

«ሠራተኛን ማብቃት» የሚለው ቃል በየስብሰባው ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሥልጠናና ከምስክር ወረቀት አልፎ ሲታሰብ አይታይም። አሜሪካዊቷ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ሮዛቤዝ ሞስ ካንተር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የሠራተኛ ኀይል ከጠባዩ ይልቅ ከሥራው አቋም ይመነጫል፤ ይኸውም መረጃ፣ ድጋፍ፣ የሥራ መሣሪያና የማደግ ዕድል ሲደርሰው ነው። ከእነዚህም ቢያንስ መረጃና ድጋፍ በቅርብ አለቃው በኩል የሚያልፉ ናቸው።

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቡታጅራም ቀድሞ በዚሁ ዞን ሥር ነበረች፣ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ ግን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በሁለቱም ዙሪያ ያለው የገጠር ሕዝብ በመጀመሪያ የሚያገኛት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታስቦ ነበር፤ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ሆነው ከዚያ በሚላክ ተቆጣጣሪ ይጎበኛሉ።

ጉብኝቱ እንግዲህ ሁለት መልክ ሊይዝ ይችላል። አንዱ ተቆጣጣሪ ቼክሊስቱን ይዞ ይመጣል፤ መዝገብ ይገለብጣል፣ የክትባቱን ሣጥን ያያል፣ ጉድለቱን ጽፎ፣ ፈርሞ ይሄዳል። ሠራተኛዋ ከዚህ የምትማረው ጉድለትን መሸሸግ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሪፖርቱ ያምራል፣ ያልተከተበው ሕፃን ግን እንዳልተከተበ ይቀራል። ሁለተኛው አብሯት ቤት ለቤት ይዞራል፤ ምን እንደ ቸገራት አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ስሕተቷንም በእናቶች ፊት ሳይሆን ለብቻዋ ይነግራታል።

ከሁሉ የከፋው ዝምታ በሪፈር ላይ ያለው ነው። ሠራተኛዋ ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትልካለች። እናቲቱ ምን እንደ ሆነች ተመልሶ ካልተነገራት፣ የላከቻት በጊዜው ይሁን ዘግይታ አታውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም የምትወስነው በግምት ነው። ጎረቤቶች «ምን ሆነች?» ብለው ሲጠይቋት መልስ ያጣች ሠራተኛ ደግሞ ምክሯን የሚሰማላት አታገኝም። ጥቂት ቃላት የተጻፉበት የመልስ ወረቀት ከአንድ ሳምንት ሥልጠና ይበልጣል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመረው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም የየቤቱ ልደትና ሞት ተመዝግቦ ለብዙ ምርምር ምንጭ ሆኗል። እንዲህ ያለው ቁጥር ለተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ለቀበሌዋም ሠራተኛ ቢነበብላት፣ ሕፃናት የሚሞቱበትን መንደር ለይታ የጉብኝት ቀኗን ትመድብበታለች።

በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ነገር ተሰምቶ፣ ተመክሮበት፣ በስምምነት መወሰኑ የታወቀ ነው። ሆኖም የቃቄ ወርድወት በ19ኛው መቶ ዘመን የሴቶችን አቤቱታ ይዛ በሸንጎው ፊት መቆሟ ሲታሰብ፣ የሴት ቃል እንዲሰማ ምን ያህል ትግል እንደሚጠይቅ ይታያል። የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸውና ይህን ታሪክ ተቆጣጣሪ ሁሉ ቢያውቀው አይጎዳውም።

መልካም ቃል ግን የመድኃኒት እጥረትን አይሞላም። ተቆጣጣሪው ራሱ ለሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ ካጣ፣ ያየውንም ጉድለት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አስረድቶ የሚያስፈጽምበት ሥልጣን ካልተሰጠው፣ ለሠራተኛዋ የሚያካፍላት ኀይል የለውም።