የሃዋይ ደሴት በዓላት፤ ሊጠፋ የነበረ ጭፈራ እንዴት ዳነ?

በዓል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው መብሉን፥ መጠጡንና አዲሱን ልብስ ነው። ነገር ግን በዓል ከዚህ የበለጠ ሥራ አለው። ይኸውም ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ለልጆች የሚያስረክቡበት ጊዜ መሆኑ ነው። ይህን ለማስረዳት በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ወደምትገኘው ወደ ሃዋይ ደሴት እንሂድ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሃዋይ ደሴቶች ብዙዎች ሲሆኑ ከሁሉ የምትበልጠው ራሷ ሃዋይ ትባላለች። የቀሩት ደሴቶች በሙሉ ቢደመሩ በስፋት አያክሏትም። ማውና ኬኣ የተባለው ተራራዋ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው፥ ምንም እንኳ አገሩ ሞቃት ቢሆን፥ በክረምት ጫፉ ላይ በረዶ ይታያል። በምሥራቅ ጠረፍ ዝናብ የማይለያት የሂሎ ከተማ ትገኛለች፤ በምዕራብ ደግሞ ኮና የተባለው የቡና አገር አለ።

የጥንት ሃዋያውያን ፊደል አልነበራቸውም። ስለዚህ የነገሥታቱን የትውልድ ሐረግ፥ የአማልክቱን ታሪክ፥ የተራራውንና የነፋሱን ስም ሁሉ በቃል በሚዜም ግጥም ይይዙት ነበር። ሁላ የተባለው ጭፈራቸው ይህን ግጥም በእጅ፥ በእግርና በወገብ የሚተረጉም ነው። እንግዲህ የግጥሙን ቃል ያልተረዳ ጨፋሪ፥ ምንም ያህል ቢያምርበት፥ ሁላ ያውቃል አይባልም።

በ1820 ከአሜሪካ የመጡ ሚሲዮናውያን ይህን ጭፈራ የአረማውያን ሥራ ነው በማለት ነቀፉት። በ1830ም እምነቱን የተቀበሉት ንግሥት ካአሁማኑ ሁላ በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከሉ። ከዚያ በኋላ ጭፈራው በየገጠሩ በስውር ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ቆየ። ከ1874 እስከ 1891 የነገሡት ንጉሥ ዳዊት ካላካዋ ግን በ1883 በዘውድ በዓላቸው፥ በ1886ም በ50ኛ የልደት በዓላቸው ጨፋሪዎችን ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ አስጠርተው በሕዝብ ፊት አስጨፈሩ። ንጉሡ ዘፈንና ጨዋታ ወዳድ ስለ ነበሩ «ደስተኛው ንጉሥ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው።

ይሁን እንጂ በ1893 የሃዋይ ንጉሣዊ መንግሥት ተገለበጠ። በ1896 የወጣው ሕግ የትምህርት ቤት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ፤ በ1898ም ደሴቶቹ በአሜሪካ ሥር ገቡ። በትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚናገሩ ልጆች ይቀጡ ነበር። ቋንቋው ሲደክም በቋንቋው ላይ የቆመው ሁላም አብሮ ደከመ። በየሆቴሉ ለእንግዳ የሚታየው ጭፈራ ቢበዛም፥ ጥንታዊው የዜማ ጭፈራ ግን በጥቂት ሽማግሌዎች እጅ ብቻ ቀረ።

ከዚህ በኋላ በሂሎ ላይ ሌላ መከራ ወረደባት። በግንቦት 1960 በቺሊ አገር ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ። ከእርሱ የተነሣው የባሕር ማዕበል ውቅያኖሱን በ15 ሰዓት ያህል አቋርጦ ሌሊት ሂሎን መታ፤ 61 ሰዎችም ሞቱ። የከተማዋ ንግድ ተጎዳ። በዚህ ጊዜ የደሴቲቱ አስተዳዳሪ የነበሩት ወይዘሮ ሄሊን ሄል እንግዶችን ወደ ሂሎ የሚስብ በዓል እንዲቋቋም አሰቡና በ1964 «የደስተኛው ንጉሥ በዓል» ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ።

የመጀመሪያዎቹ በዓላት ከጨዋታ የሚያልፉ አልነበሩም። የንጉሡን ጢም የመሰለ ጢም ያለው ማን ነው የሚል ውድድር ይደረግ ነበር። የሩጫ ቅብብልና ንጉሡ ዘውድ የደፉበትን ቀን የሚያሳይ ትርዒትም ነበረ። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የሕዝቡ ፍላጎት ቀዘቀዘ፤ በ1968ም በዓሉ ሊቀር ተቃረበ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዶቲ ቶምሰን ኃላፊነቱን ተረከቡ። እርሳቸውና የሁላ መምህሩ ጆርጅ ናኦፔ በዓሉ ወደ ሁላ እንዲመለስ አደረጉ። በ1971 የሁላ ውድድር ተጀመረ፤ በ1976ም ወንዶች ቡድኖች ተጨመሩ።

ዛሬ በዓሉ በምዕራባውያን ፋሲካ ሰሞን አንድ ሳምንት ሙሉ ይከበራል። ረቡዕ ማታ ያለ ውድድርና ያለ ክፍያ ትርዒት ይታያል። ሐሙስ ሴቶች ልጆች አንድ በአንድ ይወዳደራሉ። ዓርብ ካሂኮ የተባለው ጥንታዊ ሁላ ከቅል በተሠራ መሣሪያና በከበሮ፥ በዜማ ብቻ ይጨፈራል። ቅዳሜ ደግሞ አውአና የተባለው አዲሱ ሁላ በጊታርና በዘፈን ይታያል። ዳኞቹ የሚመዝኑት የእግርን ስልት ብቻ አይደለም፤ የዜማው ቃል በትክክል መነገሩን፥ ልብሱና የአበባው ጉንጉን ከግጥሙ ጋር መስማማቱንም ይመለከታሉ። መምህሩ ኩሙ ይባላል፤ ይህም ቃል ምንጭ ወይም መሠረት ማለትም ነው። ደቀ መዛሙርቱ ለጥቂት ደቂቃ ጭፈራ ብዙ ወራት ይለማመዳሉ፤ ግጥሙ የሚናገርለትን ተራራ ወይም ወንዝ ለማየትም ይጓዛሉ። በ1820 ሃዋይን የጎበኘ ሰው ያየው ዓይነት ጭፈራ ዛሬም በሺህ ተመልካች ፊት የሚታየው በዚህ ድካም ነው። በ2020 ብቻ በኮሮና በሽታ ምክንያት በዓሉ ቀረ፤ በ2021 ግን ያለ ተመልካች ተደርጎ በቴሌቪዥን ታየ።

በደሴቲቱ ምዕራብ ያለው የኮና የቡና በዓል ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቅርብ ይነካናል። ቡና የመጀመሪያ አገሩ ኢትዮጵያ ነው፤ ወደ ኮና የደረሰው በ1828 ነው። ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ በኅዳር ወር በዓል ይደረግለታል፤ የቡና ለቀማ ውድድር፥ የጣዕም ፍርድና የፋኖስ ሰልፍ አለበት። ከገበሬዎቹ መካከል ከጃፓን የመጡ ሰዎች ልጆች አሉ። በዚያ አገር ቀድሞ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከበጋ ተዛውሮ በለቀማ ወራት ይሰጥ እንደ ነበር ስንሰማ፥ ወላጆቹን ለመርዳት በመኸር የሚደክመውን የአገራችንን ተማሪ እናስታውሳለን።

አንዳንድ ሰዎች «ለእንግዳ ገንዘብ የተጀመረ በዓል፥ በነጥብም የሚዳኝ ጭፈራ፥ እንዴት ባህል ሊባል ይችላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውድድር ለማሸነፍ ብቻ የሚያስብ ሰው ሊያፈራ ይችላል። ነገር ግን የሂሎ በዓል ታሪክ እንደሚያሳየን፥ እንግዳን ለማስደሰት ብቻ የተሰናዳው ጨዋታ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተዳከመ፤ ጸንቶ የቆየው መምህራኑ ራሳቸው የሚያከብሩት ጥበብ ነው። እንግዳውም የመጣው ይህን እውነተኛውን ለማየት ነው። ቋንቋውም ቢሆን በ1978 በሕገ መንግሥት እንደ ገና ተከብሯል፤ ከ1984 ጀምሮም ሕፃናት በሃዋይኛ የሚማሩባቸው ቤቶች ተከፍተዋል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። እኛም በየበዓሉ እንዘፍናለን፥ እንጨፍራለንም። የዘፈናችንን ቃል ትርጉም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በመጪው ዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ። የሃዋይ ሽማግሌዎች ያወቁትን ለማስረከብ ጥቂት ደቀ መዛሙርት አልጠፉላቸውም ነበር። የእኛም አያቶች ጠያቂ አይጡ።