ቦርዱ ከመመረቱ በፊት፦ የሰርኪት ንድፍ ለግምገማ ሲወጣ

የሰርኪት ቦርድ ንድፍ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ሥራውን የሚያስቀምጡት በየራሳቸው የፋይል ዓይነት ነው። ፋይሉን ለመክፈት አብዛኛውን ጊዜ ያው ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም አዲሱ እትም ካልተጫነ አይከፈትም። ንድፉን ማየት የሚገባቸው ሰዎች ግን አብዛኛዎቹ ፕሮግራሙ የላቸውም። ሶፍትዌሩን የሚጽፈው ባለሙያ የትኛው የማይክሮኮንትሮለር እግር ከየትኛው ሴንሰር ጋር እንደተገናኘ ማወቅ ይፈልጋል። ቦርዱ የሚገባበትን ሳጥን የሚሠራው የመሰኪያዎቹንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታ ይጠይቃል። ዕቃ ገዢው ዝርዝሩን፣ ልምድ ያለው መሐንዲስ ደግሞ የሥራውን አጠቃላይ ሐሳብ ማየት ይሻል። ንድፉን ማንም ሊከፍተው ወደሚችል ሰነድ መለወጥ ያስፈለገው ለእነዚህ ሰዎች ሲባል ነው።

ከአንድ ንድፍ የሚወጡት ፋይሎች እንደ ተቀባያቸው ይለያያሉ። ፋብሪካው የሚቀበለው በአብዛኛው ገርበር የተባለውን ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘው በ1940 እ.ኤ.አ. ከቪየና ሸሽቶ አሜሪካ ከገባው ከፈልሳፊው ጆሴፍ ገርበር ሲሆን፣ ኩባንያው በፊልም ላይ በብርሃን የሚሥሉ ማሽኖችን ይሠራ ነበር። በማሽኑ ውስጥ ልዩ ልዩ ቅርፅ ያላቸው ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ጎማ ነበር። ፋይሉ ያዝ የነበረውም ቀዳዳ መምረጥን፣ ወደ አንድ ነጥብ መሄድንና ብርሃን ማብራትን ነበር። በቀድሞው የገርበር ዓይነት የቀዳዳዎቹ ዝርዝር እንኳ በሌላ ፋይል ይላክ ስለነበር፣ ዝርዝሩ ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ የቦርዱ ሥዕል ይበላሽ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የተሻሻለው መግለጫ ሁሉንም በአንድ ፋይል ውስጥ አካተተ። ደረጃውን አሁን የሚጠብቀው የቤልጂጉ ዩካምኮ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው እትም ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል የትኛው የቦርድ ንብርብር እንደሆነ በራሱ መናገር ጀመረ።

ገርበር ለማሽን የተጻፈ በመሆኑ ለገምጋሚ ብቻውን አይበቃም። የመዳቡን ቅርፅ በትክክል ያሳያል፤ መዳቡ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ግን አይናገርም። በሌላ በኩል ፋብሪካው የሚያየው እሱን እንጂ የንድፍ ፕሮግራሙን ስክሪን ስላልሆነ፣ ከመላኩ በፊት በነጻ በሚገኝ የገርበር ማሳያ ፕሮግራም ተከፍቶ መታየት አለበት። ቀዳዳዎቹ ከመዳቡ ክቦች ላይ ተንሸራተው ወይም አንድ ንብርብር ጎድሎ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለሰው ዓይን የሚዘጋጀው ዋናው ሰነድ ፒዲኤፍ ነው። አዶቤ በ1993 እ.ኤ.አ. አውጥቶት በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ይህ ዓይነት፣ መስመሮችን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ መስመር ስለሚያስቀምጥ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢጎላ አይደበዝዝም። ከስክሪን ላይ ተነሥቶ የሚላክ ፎቶ ይህን ሁሉ ያጣል። በጥሩ ፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፉም ጽሑፍ ሆኖ መቆየት አለበት። ገምጋሚው የአንድን ሬዚስተር መለያ ጽፎ ሲፈልግ በሦስተኛው ገጽ ላይ ሊያገኘው ይገባል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ፊደሉን ወደ ተራ መስመር ስለሚለውጡት ፍለጋው ባዶ ይመለሳል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ ካለ ደግሞ ፎንቱ በሰነዱ ውስጥ መካተቱ መረጋገጥ አለበት፤ ካልተካተተ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ሊታዩ ይችላሉ።

መጀመሪያ የሚወጣው ስኬማቲኩ ነው፤ ማለትም ዕቃዎቹ በምልክት ተሥለው ግንኙነታቸው የሚታይበት ንድፍ። የግምገማው ትልቁ ፍሬ የሚገኘውም ከዚህ ነው። ፕሮግራሞቹ የራሳቸው መመርመሪያ አላቸው፤ ሳይገናኝ የቀረ እግርን፣ እርስ በርስ የተቃረቡ የመዳብ መስመሮችን ያገኛሉ። ነገር ግን የሚመረምሩት ንድፉ ከተሰጣቸው ደንብ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው። የትራንዚስተር ምልክት ሲሠራ የሁለት እግሮች ቁጥር ከተለዋወጠ ፕሮግራሙ ስህተቱን እንደ እውነት ተቀብሎ ያልፈዋል። የአንዱ ቺፕ የመላኪያ እግር ከሌላው የመላኪያ እግር ጋር ቢገናኝም አንዳንዴ ዝም ሊል ይችላል። የኃይል መስመሩን ማረጋጋት ያለበት ካፓሲተር ከቺፑ ርቆ በቦርዱ ዳር ቢቀመጥ ደንብ አልተጣሰም፤ ቦርዱ ግን በሚገባ ላይሠራ ይችላል። እነዚህን የሚይዝ የቺፑን ዳታሺት፣ ማለትም የአምራቹን መግለጫ፣ ከጎኑ ዘርግቶ ሥዕሉን በጥሞና የሚያነብ ሰው ነው። ስለዚህ ስኬማቲክ ሲወጣ ለንባብ መሠራት አለበት፦ በአንድ ገጽ አንድ ተግባር፣ የኃይል አቅርቦቱ ለብቻው፣ የተለየ ውሳኔ በተወሰነበት ቦታ ላይም ምክንያቱን የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ የታጨቀበት ስኬማቲክ ትክክል ቢሆን እንኳ ሊገመገም አይችልም።

የቦርዱ ሥዕል የሚወጣው ንብርብር በንብርብር ነው፤ በየገጹም የቦርዱ ጠርዝ አብሮ ይሣላል፣ አለበለዚያ አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር ማስተያየት አይቻልም። የታችኛው ፊት ከላይ ወደታች እንደሚታይ ሆኖ ከወጣ ጽሑፉ የተገለበጠ ይሆናል፤ ተገልብጦ ከወጣ ደግሞ ቦርዱን በእጁ ገልብጦ እንደሚያይ ሰው ይነበባል። ሁለቱም ይሠራባቸዋል፤ የትኛው እንደተመረጠ ግን በገጹ ላይ መጻፍ ግድ ነው። መሰኪያ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ በዚህ መምታታት የተነሣ ነው።

በእውነተኛ መጠኑ የታተመ ገጽ ሌላ ጥቅም አለው። ዕቃው ከመበየዱ በፊት በወረቀቱ ላይ ተቀምጦ እግሮቹ ከቦታቸው ጋር መግጠማቸው ይታያል። ችግሩ የማተሚያው «ገጹን አስማማ» የሚለው ምርጫ ሥዕሉን በጥቂቱ ማሳነሱ ነው። በ2.54 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ 20 እግሮች ያሉት መሰኪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እግር 48.26 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሥዕሉ 3 በመቶ ቢያንስ የመጨረሻው እግር ከቦታው 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ደህናውም መሰኪያ የተሳሳተ ይመስላል። በገጹ ዳር 100 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ተሥሎ በማስመሪያ ከተለካ ጥርጣሬው ያበቃል።

በሥዕል የማይታይ ነገር በጽሑፍ ይገባል። የቦርዱ ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር፣ የመዳቡ ውፍረት 35 ማይክሮን፣ የንብርብሮቹ ብዛትና ቅደም ተከተል፣ የላይኛው ቅብ ዓይነት ከማንኛውም ገጽ ላይ አይነበቡም። የዕቃ ዝርዝሩም ከአምራቹ ሙሉ መለያ ቁጥር ጋር ይያያዛል። ኪካድ ለተባለው ነጻ ፕሮግራም የተሠራ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ዝርዝሩንና ሥዕሉን በአንድ የድረ ገጽ ፋይል ያወጣል፤ ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ማሰሻ ይከፈታል፣ አንድ ዕቃ ሲመረጥም ቦታው በቦርዱ ላይ ይደምቃል። ለሳጥን ሠሪው ደግሞ ከገጾች ይልቅ ስቴፕ የተባለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ፋይል ይጠቅመዋል።

ገምጋሚዎች የተለያየ እትም ይዘው ሲከራከሩ ሥራው በከንቱ ይባክናል። በየገጹ ግርጌ ያለው ሳጥን ቀኑንና የእትሙን ቁጥር መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። ዣን ፒየር ሻራስ በ1992 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ በኋላም ሰርን የተባለው የኑክሌር ምርምር ማዕከል የደገፈው ኪካድ፣ ከ2023 ወዲህ ሰነዶቹን መስኮቱ ሳይከፈት በጽሑፍ ትእዛዝ ማውጣት ይችላል። ንድፉ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ፒዲኤፍ በራሱ እንዲዘጋጅ ማድረግ ስለሚቻል የሰው መርሳት ጣልቃ አይገባም። አስተያየትም ገጽን፣ የዕቃን መለያና የእግር ቁጥርን ጠቅሶ ይጻፋል፤ «ኃይል አቅርቦቱ ይታይ» የሚል አስተያየት ምን መታረም እንዳለበት አያመለክትም።

ለማን ምን እንደሚላክም መታሰብ አለበት። ገርበርና የዕቃ ዝርዝር ያገኘ ሰው ቦርዱን ማሠራት ይችላል፤ ስለዚህ ስኬማቲኩን ብቻ እንዲያይ የተጠየቀ ገምጋሚ የማምረቻ ፋይሎቹ አያስፈልጉትም። ፒዲኤፍም በውስጡ የአዘጋጁን ስምና የፋይሉን ርዕስ ደብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ከድርጅት ውጭ ከመሄዱ በፊት ይህ ይጸዳል።

ግምገማው ሲያልቅ የጸደቀው ፒዲኤፍ፣ ገርበሩ፣ የዕቃ ዝርዝሩና ለእያንዳንዱ አስተያየት የተሰጠው መልስ ከአንድ የንድፍ እትም ወጥተው በአንድ አቃፊ ይቀመጣሉ። ፋብሪካው አስተካክሎ የሚመልሰው ፋይል ካለም ከዚሁ ጋር ይመሳከራል። ከዓመታት በኋላ ቦርዱ ለጥገና ሲመጣ የንድፍ ፕሮግራሙ በገበያ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ጠጋኙ ከፍቶ የሚያነበው ያን ፒዲኤፍ ነው።