ስለ አንዲት ትርፍ ክሮሞሶም

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ የሚዘራው ገብስ በየሕዋሱ 14 ክሮሞሶም አለው፤ የዳቦ ስንዴም 42። ክሮሞሶም ማለት የዘር ባሕርይ የሚወረስበት፣ ያለ ማጉያ መሣሪያ የማይታይ ቀጭን ክር ነው። የሰው ልጅ 46 ሲኖረው፣ እኩሌታው ከአባት፣ እኩሌታው ከእናት ነው።

በ1959 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ዠሮም ለዠን፣ ማርት ጎቲዬና ሬሞን ቱርፓን ዛሬ ዳውን ሲንድረም የምንለው ሁኔታ ያለባቸው ሕፃናት 47 ክሮሞሶም እንዳላቸው ከፓሪስ አስታወቁ። ትርፊቱ 21ኛዋ ናት። ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የእናቲቱ እንቍላል በሚከፈልበት ሰዓት ጥንዶቹ ሳይለያዩ ሲቀሩ ነው፤ ዕድሜዋ ሲገፋ ይበረክታል፣ ወጣቲቱንም አይምርም። እርግማን፣ ጾም መሻር ወይም የቡዳ ዐይን አያመጣውም።

እንዲህ ያለውን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚያስገባ ቤት ዛሬም አይታጣም። ጉዳቱ ግን ከሐፍረት ያልፋል። ከእነዚህ ሕፃናት እኩሌታ ያህሉ ከልብ ጉድለት ጋር ስለሚወለዱ፣ የተሰወረው ልጅ ሐኪም ሳያየው ይቀራል። ጡት ሲጠባ ቢያልበው፣ ቶሎ ቢደክም፣ ከንፈሩም ቢጠቍር ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ ምልክት ባይታይበትም እንኳ በተወለደ ሰሞን ልቡ ይመርመር። ወደ ጠበል የሚወስዱትም ቢሆኑ ምርመራውን አያስቀሩበት። ከዚያ ወዲያ ዘግይቶ ይራመዳል፣ ዘግይቶ ይናገራል፤ ታጋሽ መምህር ካገኘ ፊደል የሚቈጥርም ብዙ ነው።